ከተሰበረ ቃል በኋላ

ሠርግ የተደገሰበት ቤት ሠርጉ ሲቀር ከኀዘን ቤት ይልቅ ይከብዳል። የሞተበትን ሰው ጎረቤት ሁሉ ገብቶ ያጽናናዋል፤ እጮኛዋ የከዳትን ልጅ ግን በሩቅ እያየ ያንሾካሹክባታል። ስለዚህ በዚህ ወር ከምናውቃቸው ቤተ ሰቦች በአንዱ የሆነውን፥ ስም ሳንጠራ፥ በባለ ታሪኳ ፈቃድ እንነግራችኋለን።

ልጅቱ በደብረ ብርሃን ከተማ መምህርት ናት። በ26 ዓመቷ፥ ሽማግሌ ተልኮ፥ ቀን ተቆርጦ፥ ማሩ ተገዝቶ፥ ጌሾው ተወቅጦ ሳለ፥ 4 ዓመት የጠበቀችው እጮኛዋ ሐሳቡን መለወጡን በስልክ በላከው አጭር ቃል ብቻ አስታወቀ። እናቷ ማሩን እያዩ አለቀሱ። አክስቷ ግን ወሬው ሳይሰፋ ለሌላ ትዳር ሲሉ መከሩ። አባቷም ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «ልጄ ገበያ የወጣች ዕቃ አይደለችምና ገዢ አንፈልግላትም። ነውሩ ቃሉን ያፈረሰው ሰው ነው እንጂ የእርሷ አይደለም» ብለው ነገሩን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጓደኛዋ፥ «ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ምን ትወጃለሽ?» ብላ ብትጠይቃት መልስ አጣች። ልብሷም፥ ወዳጆቿም፥ የዕረፍት ቀኗም በእርሱ ፈቃድ የተመረጡ ነበሩ። በልጅነቷ በአያቷ ቤት የሰማችውን በገና ለመማር ትመኝ ነበር፤ እርሱ «ይህ የሽማግሌ ነገር ነው» ስላላት ትታው ነበር። አሁን ለሠርጉ ካጠራቀመችው ገንዘብ ቀንሳ በገና ገዛች፤ እሑድ እሑድም ትማር ጀመር።

በገና 10 አውታር አለው። አውታሩ በሚያርፍበት መደገፊያ ላይ የሚገባው ቁራጭ ቆዳ እንዚራ ይባላል፤ ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚገኘው በእርሱ ነው። እንዚራው ጥቂት ሲንሸራተት ድምፁ ይደክማል። መምህሯ አውታሩን ሳይለውጡ እንዚራውን ብቻ ወደ ቦታው ሲመልሱት ባየች ጊዜ፥ «እኔም አልተበጠስሁም፤ ከቦታዬ ተንሸራትቼ ነው እንጂ» አለች።

አብረዋት ከሚማሩት አንዱ እንጨት ሠሪ ነበረ። በሁለተኛው ዓመት ለትዳር ጠየቃት። እርሷም ያለፈውን ሁሉ ሳትሸሽግ ነግራ፥ አንድ ዓመት እንዲታገሣት ለመነችው። እርሱም፥ «አንቺ 4 ዓመት ጠብቀሻል፤ አሁን የመጠበቁ ተራ የእኔ ነው» አላት፤ ጠበቃትም።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ጊዜ አባቷ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርተው ጠየቋት። «ብቸኝነትን ፈርቼ አይደለም፤ ወድጄው ነው» አለች። ይህ ጥያቄ የአባትነት ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ እንዲመሠረት ያዝዛል።

ሩትንም አስቡ። ባሏ ከሞተ በኋላ በባዕድ አገር፥ የገብሱና የስንዴው መከር እስኪፈጸም ድረስ ቃርሚያ ስትለቅም ቆየች። ቦዔዝ ስለ እርሷ የሰማው ለአማቷ ለኑኃሚን ያደረገችውን ደግነት ነበር። ከእርሷ ኢዮቤድ፥ ከኢዮቤድ እሴይ፥ ከእሴይ ዳዊት ተወለደ፤ በገናውንም አበው የዳዊት ይሉታል።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፥ የልጃችሁ ልብ በተሰበረ ጊዜ ሌላ ሙሽራ ከመፈለጋችሁ በፊት ልጃችሁን ፈልጉ። አድምጧት፤ አታስቸኩሏት። እኅቶቻችንም፥ ቁስል በሠርግ አይሻርምና ጊዜ ስጡት፤ ስለ ሌላው ስትሉ የተዋችሁትንም መልካም ነገር አንሡ።

ሁለቱ ባለፈው ጥር በሥጋ ወደሙ ተጋቡ። እናቷም ያንን ማር አልሸጡትም ነበርና፥ ከጓዳ አውጥተው ለዚህ ሠርግ ጠጅ ጣሉበት።