ሳይሰሙ ለሚፈርዱ ሰዎች የተሰጠ መልስ

«ሄቪ ሜታል» የተባለው የእንግሊዝና የአሜሪካ ሙዚቃ ስሙ በተነሣ ቍጥር ካህኑም፥ ነጋዴውም፥ የመሥሪያ ቤቱ ጸሓፊም በአንድ ቃል «የሰይጣን ዘፈን ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ስሙ በቋንቋችን ሲፈታ ከባድ ብረት ማለት ነው። እኔ ይህን ሙዚቃ ከሚወዱት ወገን ነኝ፤ መውደዴንም አልሸሽግም። ዳሩ ግን ብዕሬን ያነሣሁት ሰው ሁሉ ይውደደው ለማለት አይደለም፤ ለጆሮው ያልተስማማው ሰው ቢተወው ማንም አይወቅሰውም። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ቦታም ይግባ ያለ የለም። ክርክሬ ሳይሰማ ከሚፈርደው ጋር ነው። እንዲህ ያለው ፍርድ ንጹሑን ከመበደሉም ሌላ፥ እውነተኛውን በደለኛ በንጹሓን መካከል ሸሽጎ ያሳልፈዋልና።

ነገሩ የጨዋታ ነገር እንዳይመስል አንድ የማውቀውን ላንሣ። አንድ የተማረና እግዚአብሔርን የሚፈራ አባት፥ ልጁ የለበሰውን፥ «አይረን ሜይደን» የተባሉት ሙዚቀኞች ሥዕል ያለበትን ሸሚዝ አስወልቆ በጓሮ አቃጠለው። ልጁ ከቅዳሴና ከጾም ያልራቀ ልጅ ነበረ። አባትየው በሸሚዙ ላይ ያለውን አስፈሪ ሥዕል አየ እንጂ፥ በሸክላው ላይ ያለው ቃል ምን እንደሚል አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ልጁ በአባቱ ፊት አፉን አይከፍትም፤ በቤተ ክርስቲያንም ደጅ ከታየ ቈየ። ከዚህ ቤት የጠፋው አንድ ሸሚዝ ብቻ ነውን?

እንግዲህ ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። የዚህ ሙዚቃ መጀመሪያ የሚባሉት «ብላክ ሳባዝ» በ1968 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የተሰበሰቡ አራት የሠራተኛ ልጆች ናቸው። ከተማዪቱ የፋብሪካ ከተማ ናት። ከአራቱ አንዱ ቶኒ አዮሚ የተባለው ጊታር መቺ በ17 ዓመቱ በብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፥ ብረት የሚጫነው መኪና የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቈረጠው። ሰውዬው ግራኝ ስለ ሆነ በጊታሩ ክር ላይ የሚሄዱት ጣቶች እነዚያው የተቈረጡት ነበሩ። ተስፋ ቈርጦ በተቀመጠ ጊዜ የፋብሪካው አለቃ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ ጃንጎም በ1928 ዓ.ም. በእሳት አደጋ ሁለት ጣቶቹ ተሰናክለውበት ሳለ በአውሮፓ ስመ ጥር ጊታር መቺ የሆነ ሰው ነበረ። አዮሚ ይህን ከሰማ በኋላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን ክር መረጠ፤ በኋላም ክሩን አላላው። ክሩ ሲላላ ድምፁ ወረደ፥ ከበደም። ዛሬ ሰዎች «ከሲኦል የወጣ» የሚሉት ያ ድምፅ የቈሰለ የሠራተኛ እጅ ያስገኘው ነው። እስቲ በዚህ ውስጥ ሰይጣን በየት በኩል ገባ?

የመጀመሪያው ሸክላቸው፥ የዛሬ ሰዎች አልበም የሚሉት፥ በ1970 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 13 ቀን ወጣ። የተቀረጸው ባንዲት ቀን ነው ማለት ይቻላል። ስማቸውን የወሰዱት ከአንድ አስፈሪ ሲኒማ ነው፤ ሰው ለመፍራት ገንዘብ የሚከፍል ከሆነ እኛም የሚያስፈራ ዜማ እናውጣ ብለው ነው። ሸክላው ሲጀምር ዝናብ ይዘንባል፥ ነጐድጓድ ያጓራል፥ ከሩቅ ደወል ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ድምፅ ብቻ እየተጎተተ ይመጣል። በሦስቱ መካከል ጆሮን የሚሻክር ርቀት አለ፤ የአውሮፓ የሙዚቃ ሊቃውንት አስቸጋሪነቱን ለማመልከት በላቲን «በዜማ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» ብለውታል። ከሳሾችም ይህን እንደ ታላቅ ማስረጃ ያቀርቡታል። ነገር ግን ጉስታቭ ሆልስት የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባቀረበው «ማርስ» በተባለው ድርሰቱ በዚሁ ድምፅ ተጠቅሞአል፤ የብላክ ሳባዙ ጊዘር በትለርም ያን ድርሰት ይወድ ነበር። ሆልስትን ስለዚህ ነገር የሰይጣን አገልጋይ ያለው ሰው ግን አልሰማሁም።

የዘፈኑ ቃል ደግሞ ምን ይላል? አንድ ሰው ጥቍር ልብስ የለበሰ አስፈሪ ነገር ቆሞ ያያል፤ ይደነግጣል፤ ይሸሻል፤ እግዚአብሔር እንዲረዳው ይጮኻል። ነገሩ ይኸው ነው። ሰይጣንን ፈርቶ መጮኽ ሰይጣንን ማመስገን ከሆነ፥ በቅዱሳን ገድል ውስጥ አጋንንት በአውሬ መልክ እየተገለጡ መነኮሳቱን የሚያስፈራሩበትን ምዕራፍ ሁሉ ምን ልንለው ነው? በሸክላው ማኅደር ውስጥ የተዘቀዘቀ መስቀል ተሥሎ መገኘቱ እውነት ነው፤ ያን ያሣለው ግን ሸክላውን ያሳተመው ኩባንያ ነው እንጂ ሙዚቀኞቹ አልነበሩም። እነርሱ በአንገታቸው ያደረጉትን ቀጥ ያለ መስቀል የዘፋኙ የኦዚ ኦዝበርን አባት በገዛ እጁ ሠርቶ ሰጥቶአቸው ነበር። ሸክላውን ግን በጭፍን አላመሰግነውም፤ «ዋርኒንግ» የተባለው ከ10 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው ዘፈን መንገዱ እንደ ጠፋበት እንግዳ ይዞራል፥ እኔንም ያሰለቸኛል።

በዚያው ዓመት «ፓራኖይድ» ወጣ። ዓለም ሁሉ የሚወደው ለሸክላው ስሙን የሰጠው አጭር ዘፈን የጎደለውን ቦታ ለመሙላት በችኰላ የተሠራ ነው፤ ጓደኞቼ ይቈጡኝ እንደ ሆነ አላውቅም እንጂ ለእኔ ከሁሉ የቀለለው እርሱ ነው። ክብደቱ ያለው በመጀመሪያው፥ «ዋር ፒግስ» በተባለው ነው። የጦር አለቆች ድኻውን ወደ ጦር ሜዳ እየሰደዱ ራሳቸው በቤታቸው ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻ ግን የፍርድ ቀን ይመጣል፥ እነርሱም በጕልበታቸው እየዳኹ ምሕረት ይለምናሉ። «ሃንድ ኦቭ ዱም» የተባለው ደግሞ ሄሮይን በክንዱ የሚወጋውን ወታደር ሞት ያለ ርኅራኄ ያሳያል። ስለ ፍርድ ቀንና ስለ ሱስ እኛ በስብከት የምንናገረውን እነዚህ ሰዎች በጊታር ቢናገሩት ቍጣችን ስለ ምንድር ነው?

ከሁሉም የምመርጠው ግን በ1971 ዓ.ም. የወጣውን «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ»ን ነው። አዮሚ ክሩን ከቀድሞው ይልቅ ያላላው እዚህ ላይ ነው፤ ድምፁ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጫል። የመጀመሪያው ዘፈን ሐሺሽን ያመሰግናል፤ የሚጀምረውም አዮሚ ጢሱን ስቦ በሳለው ሳል ነው። ይህን አልከላከልም፤ መጥፎ ነው። ነገር ግን ከሳሹ እዚህ ላይ መርፌውን አንሥቶ ባይሄድና ጥቂት ቢታገሥ፥ ሁለተኛው ዘፈን «አፍተር ፎርኤቨር» ይመጣል። ግጥሙን የጻፈው በካቶሊክ ቤት ያደገው ጊዘር በትለር ነው። ሰሚውን ይዞ፥ ስለ ነፍስህ አስበህ ታውቃለህን፥ ስትሞትስ ወዴት ትሄዳለህ ይለዋል። እግዚአብሔር የለም የሚለውን ሰው፥ ይህን የምትለው ጓደኞችህ እንዳይስቁብህ ፈርተህ አይደለምን ብሎ ይገሥጸዋል። ስለ ሮማው ጳጳስ የተነገረች አንዲት ሻካራ ቃል አለች፤ ከሳሾች እርስዋን ብቻ ነቅለው ያሳያሉ፤ ነገር ግን ያች ቃል ለዘባቹ የቀረበች ጥያቄ ናት እንጂ የገጣሚው ምኞት አይደለችም። አንድ ሸክላ በአንድ ፊቱ ሐሺሽን አመስግኖ ወዲያው እግዚአብሔርን ሲሟገትለት፥ ይህ የሰው ልጅ ልብ ነው፤ የሰይጣን ማኅበር ሥራ አይመስለኝም።

የኋለኛውን ባጭሩ ልለፈው። በ1972 ዓ.ም. የወጣው አራተኛ ሸክላ ግሩም ዜማ አለበት፤ የኮኬይን ጥፋት ግን በዚያ ጊዜ ቤታቸው ገብቶ ነበር። በ1978 ዓ.ም. የወጣውን «ኔቨር ሴይ ዳይ» ባይቀርጹት በወደድሁ። ኦዚ ከተባረረ በኋላ ሮኒ ጄምስ ዲዮ መጥቶ በ1980 ዓ.ም. የወጣው «ሄቨን ኤንድ ሄል» ግን ከሞት መነሣት ነው። ኦዚ በሕይወቱ ብዙ ያሳፈረ ሰው ነው፤ በ1982 ዓ.ም. በመድረክ ላይ የሌሊት ወፍ ራስ በጥርሱ መቍረጡን ማንም አይክድም። በ2025 ዓ.ም. ጁላይ 5 ቀን አራቱ ባደጉበት ሰፈር በአስተን የመጨረሻውን ሙዚቃ አሰሙ፤ ገቢው ለሕሙማንና ለሕፃናት ሆስፒታል እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ኦዚም በዚያው ወር በ22 ቀን ሞተ።

አሁን ወደ ተቃጠለው ሸሚዝ እንመለስ። አይረን ሜይደን በ1982 ዓ.ም. «የአውሬው ቍጥር» የሚል ሸክላ ባወጡ ጊዜ በአሜሪካ አገር ሸክላውን የሚያቃጥሉና በመዶሻ የሚሰብሩ ክርስቲያኖች ተነሡ። ስሙ የተወሰደው ከዮሐንስ ራእይ ነው፤ ዘፈኑም የሚጀምረው ከዚያው መጽሐፍ ከምዕራፍ 12ና 13 በሚነበብ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደራሲው ስቲቭ ሃሪስ አስፈሪ ሲኒማ አይቶ ያለመው ቅዠት ነው፤ ያለመው ሰው ይሸበራል እንጂ አይሰግድም። በሸክላው ውስጥ «ጋንግላንድ» የተባለ ደካማ ዘፈን አለ፤ ስለ ጋለሞታ ቤት የተዘፈነም አለ፥ ለአባቶች ጆሮ አላቀርበውም። የመጨረሻው ግን ስሙ ከአቡነ ዘበሰማያት የተወሰደ ነው፤ ሊሰቀል ሰዓቱ የቀረበ እስረኛ ካህኑ ሊናዝዘው ሲመጣ የሚያስበውን ሁሉ ይናገራል። ይህን ሰምቶ ስለ ራሱ ሞት ያላሰበ ሰው ልቡ ደንድኖአል። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ እነዚሁ ሰዎች የኮልሪጅን የድሮ መርከበኛ ታሪክ ከ13 ደቂቃ በላይ አድርገው ዘፈኑት፤ ያለ ምክንያት ወፍ የገደለ ሰው ተቀጥቶ ፍጥረትን መውደድ የሚማርበት ታሪክ ነው።

በዚያው ዓመት አሜሪካውያኑ «ሜታሊካ» «ክሪፒንግ ዴዝ» የሚለውን ዘፈን አወጡ። ይህም ከኦሪት ዘፀአት የተወሰደ፥ የግብፅን በኵር የመታው መቅሠፍትና በመቃኑ ላይ የተቀባው የበጉ ደም ታሪክ ነው። በ1986 ዓ.ም. ያወጡት «ማስተር ኦቭ ፐፔትስ» ደግሞ የሱስን መድኃኒት ራሱን እንደ ጌታ አናግሮ፥ ሰውን እንዴት ባሪያ እንደሚያደርገው ያስረዳል። በ1988 ዓ.ም. በወጣው ሸክላ የቤዙ ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፥ ነገር ግን የነገረ መለኮት ጉዳይ አይደለም።

ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶአል። በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት በ1985 ዓ.ም. ሁለት ወጣቶች በራሳቸው ላይ ጠመንጃ ተኰሱ፤ ቤተ ሰቦቻቸውም «ጁዳስ ፕሪስት» በ1978 ዓ.ም. ባወጡት ሸክላ ውስጥ «አድርገው» የሚል ስውር ቃል ሸሽገዋል ብለው ከሰሱ። የወላጆቹ ኀዘን እውነተኛ ስለ ሆነ በላዩ አልቀልድም። ዳኛው ግን በ1990 ዓ.ም. ነገሩን ሁሉ ሰምቶ፥ ያ ድምፅ በአጋጣሚ የተገናኘ ነው ብሎ ክሱን አልተቀበለም። ዘፈኑም በመጀመሪያ የነርሱ ሳይሆን ከሌሎች ሙዚቀኞች የወሰዱት ነበረ። ያ ዳኛ ያደረገውን እናድርግ ነው የምለው፤ ሰምቶ ፈረደ።

ሰምቶ የሚፈርድ ሰው የሚኰንነውንም ያገኛል። በኖርዌይ አገር በበርገን አጠገብ የነበረው ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆየው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በ1992 ዓ.ም. ጁን 6 ቀን በእሳት ወደመ። ከእርሱም በኋላ ሌሎች ተቃጠሉ። «ቡርዙም» በሚል ስም ሙዚቃ የሚያወጣው ቫርግ ቪከርነስ በ1993 ዓ.ም. የፋንቶፍትን ፍርስራሽ ፎቶግራፍ በሸክላው ሽፋን ላይ አድርጎ «አመድ» ብሎ ሰየመው። በ1994 ዓ.ም. ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠልና የሙያ ጓደኛውን በመግደል 21 ዓመት ተፈረደበት። ከሙዚቃው ወዳጆች ወገን «ሰውዬው ክፉ ነው፥ ዜማው ግን ግሩም ነው» የሚሉኝ አሉ። ለነርሱም መልስ አለኝ፤ የጸሎት ቤት አመድ ለጌጥ የተለጠፈበትን ሸክላ በቤቴ አላኖርም፤ ዜማውንም ለመስማት አልጓጓም።

አባቶች ሆይ፥ ከዚህ ላይ ነው ቍጣዬ በእናንተም ላይ የሚነሣው። ከዘፀአት የዘፈነውንና ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለውን በአንድ ስም ስትጠሩ፥ ወጣቱ የመጀመሪያውን ሰምቶ ሐሰት እንደ ተናገራችሁ ያውቃል፤ ስለ ሁለተኛው እውነት ስትነግሩትም አያምናችሁም። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ሁሉን ስለ መፈተን የጻፈውን በየጊዜው ታስተምሩናላችሁ፤ ፈተናውስ የት አለ? የሸክላ ሽፋን ማየት ፈተና ይባላልን?

ጩኸቱን አልችለውም የሚል አለ። ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ እኔም በራስ ምታት ቀን አልሰማውም።

ሸሚዙን ላቃጠለው አባትም ይህን እነግረዋለሁ። ልጁን ጠርቶ በ1971 ዓ.ም. ከወጣው ሸክላ ሁለተኛውን ዘፈን እንዲያሰማውና ቃሉን እየቈጠረ ወደ አማርኛ እንዲፈታለት ይጠይቀው። ልጁ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላነጋገረው አባቱ እንዲጠይቀው ሲጠብቅ ነው የኖረው።