ለአሯሯጩ ማን ይግጠምለት?

ዛሬ ጠብ ፍለጋ ነው የመጣሁት፡፡ ጠቤም ከገጣሚያን ጋር ነው፤ ራሴንም ጨምሮ፡፡

አትሌቶቻችን ወርቅ ይዘው በተመለሱ ቁጥር ብዕራችን ከእንቅልፉ ይነቃል፡፡ ሰንደቁ፣ እንባው፣ የአበበ ቢቂላ ባዶ እግር… ቤት መምቻው እንኳ አይለወጥም፡፡ ሩጫን እንደ እርሻና እንደ ሽመና መተዳደሪያው አድርጎ፣ አምስተኛና ዘጠነኛ እየወጣ ዕድሜውን የሚገፋው ባለሙያ ግን አንድ ስንኝ አግኝቶ ያውቃልን?

ጎሕ ሲቀድ ጣና ዳር የወጣ ሰው እነዚህን ሯጮች አይስታቸውም፡፡ ዓሣ አስጋሪው የደንገል ታንኳውን ወደ ውኃው ሲገፋ፣ እነርሱ በዘንባባዎቹ ሥር አልፈው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሽቅብ ያቀናሉ፡፡ እኛ የባሕር ዳር ገጣሚያን ስለ ታንኳው ገጥመን አልጠገብንም፡፡ ስለ ሯጩ ለመግጠም ግን ወርቅ እስኪያመጣ እንጠብቃለን፡፡

ማስረጃ ልጥቀስ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሃ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ በ3000 ሜትር መሰናክል ለሜቻ ግርማ በኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ የተቀደመው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ነበር፡፡ የአንደኛው ሽልማት 60,000 ዶላር፣ የሁለተኛው 30,000፡፡ የእኔ ሥራ የሰው ገንዘብ መቁጠር ነው፤ እንዲህ ያለ ውድ ቅጽበት ግን በመዝገብ ላይ ገጥሞኝ አያውቅም፡፡

በዚያው ሩጫ ጌትነት ዋለ አራተኛ ወጣ፡፡ ነሐሱ ያመለጠው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ነው፡፡ ከአንድ ወር ገደማ በፊት ብራሰልስ ላይ የዳይመንድ ሊግን ፍጻሜ ያሸነፈው እርሱው ነበር! እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክም ዳግመኛ አራተኛ ሆነ፡፡ ከዓለም ሕዝብ አራተኛ መሆን በየትኛው ሌላ ሙያ ነው ሽንፈት የሚባለው? ከእኛ መካከል በዓለም አራተኛ የሆነ ገጣሚ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!

እነዚህስ ስማቸው ይታወቃል፡፡ ዶሃ ላይ ስምንተኛ የወጣ 4,000 ዶላር ሲያገኝ፣ ዘጠነኛው ከሽልማቱ ባዶ እጁን ተመልሷል፡፡ በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት በላይ ሯጭ አያሰልፍምና፣ ከኢትዮጵያ አራተኛ የሆነው ጭራሹን አውሮፕላን አይሳፈርም፡፡

ከሁሉም በታች አሯሯጩ አለ፡፡ ለሌላው ነፋስ ይከላከላል፣ ለሌላው ሰዓት ይጠብቃል፣ በማራቶን ብዙ ጊዜ 30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከመንገዱ ገለል ይላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ኤሊውድ ኪፕቾጌ ቪየና ላይ 1:59:40 ሲሮጥ በርካታ አሯሯጮች እየተፈራረቁ አጅበውት ነበር፡፡ የአምስቱን ስም የሚጠራ ከመካከላችን ማን ነው?

«ጥበብ የምታዜመው ለድል ነው» የሚለኝ አይጠፋም፡፡ ሐሰት ነው! አባቶቻችን ለገዳዩ ፉከራ፣ ለወደቀው ሙሾ ነበራቸው፡፡ በዚህ ብቻም አላበቁም፤ በደቦ ለሚያጭደው፣ ማንንም ላላሸነፈውና ላልሞተው ሠራተኛም ዜማ አበጅተውለታል፡፡ ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ ሰው መዝፈን ነውር የሆነው በእኛ ዘመን፣ ፊደል በቆጠርነው ዘንድ ነው፡፡

ነገሩ የስንኝ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ፡፡ ግጥም ግን ያስተምራል፡፡ ወርቅን ብቻ ያወደስንለት ልጅ በዓለም ላይ ሁለት ነገር ብቻ እንዳለ ያምናል፤ ወርቅና ኀፍረት፡፡ ትምህርቱን ትቶ ይሮጣል፤ ወርቁ የቀረ ዕለትም ከሰው ዓይን ይሰወራል፡፡ በሁለቱ መካከል ሰፊ፣ የተከበረ፣ በላብ የሚኖርበት ሕይወት እንዳለ ማን ነገረው? እኛ አልነገርነውም፡፡

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ወርቅ ሲመጣ ለባለ ድሉ ዘፋኝ አይጠፋለትም፡፡ እናንተ የውጤቱን ዝርዝር ወደ ታች ውረዱ፡፡ ዘጠነኛውን ፈልጉ፣ ስሙን ሳታዛቡ ጻፉ፤ ግጥሙን ከዚያ ጀምሩ፡፡