ስለ ቤተ ሰብ ዕረፍትና ስለ ሰሜን ተራራ

ሰው ለሥራ እንደ ተፈጠረ የታወቀ ነው፤ ሥራ ያለ ዕረፍት፣ ዕረፍትም ያለ ሥራ ፍሬ እንደማይሰጥ ይህም እንደዚያው የታወቀ ነው። ገበሬ እርሻውን በየተራው ያሳርፋል፤ በሬውንም ከቀንበር ፈትቶ ለግጦሽ ያሰማራል። በጽሕፈት ቤት የሚውል ሰው ግን ብዙ ጊዜ ለራሱ ለበሬው ያህል አያስብም። የዓመት ፈቃዱ በደረሰ ጊዜ ወይ ሳይወስደው ያልፋል፣ ወይ በየልቅሶውና በየድግሱ ሲዘዋወር ይፈጀዋል። ልጆቹም አባታቸውን ጧት ቸኵሎ ሲወጣ፣ ማታ ደክሞ ሲገባ ብቻ እያዩት ያድጋሉ። አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ጣራ ሥር እየኖረ እርስ በርሱ ሳይተዋወቅ ቢቀር ጕዳቱ የዚያ ቤት ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ልጁን ማዳመጥ ያልለመደ ሰው በጽሕፈት ቤቱ ባለጕዳይን ማዳመጥ ይቸግረዋልና።

ለዚህ ችግር መድኃኒት ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ፣ ሦስት ወይም አራት ቀን ወስዶ፣ ከሚስትና ከልጆች ጋር በመንገድ መሪ እየተመሩ አገርን በእግር መጐብኘት ነው። ለዚህም ከሰሜን ተራራ የሚበልጥ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ያለ ጕዳይ በእግር መሄድ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ለባላገር መከራው፣ ለሹም ደግሞ ውርደቱ ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የእኛ አባቶችና እናቶች ለኅዳር 21 ቀን ወደ አክሱም፣ ለመስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን፣ ለልደት ወደ ላሊበላ በእግራቸው ሲጓዙ ኖረዋል፤ ልጆቻቸውንም አዝለውና አስከትለው፣ መንገዱን በሚያውቅ ሽማግሌ እየተመሩ፣ ከተራራው ላይ አርፈው በሶ እየበጠበጡ ይሄዱ ነበር። የቈሎ ተማሪም አኵፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ከጐጃም ወደ ጐንደር፣ ከጐንደርም ወደ ወሎ የተሻገረው በእግሩ ነው። ስለዚህ አገርን በእግር ማየት የተረሳ የራሳችን ልማድ እንጂ ከሌላ የተበደርነው አይደለም። ፈረንጅ የጨመረው ነገር ቢኖር ለዕረፍት ሲል ብቻ መሄዱን ነው።

የሰሜን ተራራም ለሊቃውንቱና ለሹማምንቱ እንግዳ አገር አይደለም። የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻውን ዘመኑን በሰሜን ተራራ ውስጥ እንዳሳለፈ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለውም በዚያው በሰሜን ነው፤ ደጃዝማች ካሣ ድል አድርገው በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ ብዙ ነው፤ አገሩን በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከጐንደር ተነሥቶ ደባትን አልፎ ደባርቅ ይገባል፤ ከጐንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በደባርቅ ነው። የመግቢያው ፈቃድ የሚሰጠው፣ መንገድ መሪው፣ ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ነጂው የሚገኙትም በዚያው ነው። ደባርቅ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2800 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ስለ ሆነች፣ ከቈላ ወይም ከወይና ደጋ የመጣ ቤተ ሰብ አንድ ሌሊት እንዲያድርባት ይገባል። ይህም ሌሊት እንዲሁ የሚባክን አይደለም። ቡና ሲፈላ፣ የገብስ ቈሎ ሲቀርብ፣ ብርዱ ሁሉን ወደ አንድ ምድጃ ሲሰበስብ፣ በከተማ ቤት እያንዳንዱ በየክፍሉ ተለይቶ ያድር የነበረው ቤተ ሰብ በአንድ ክብ ተቀምጦ መጫወት ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ወደሚባሉት ማደሪያዎች ይወስዳል። ግጭና ጨነቅ 3600 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ጐበዝ ነኝ የሚል ሁሉ ትንፋሽ ያጥረዋል። መሪው «ቀስ በሉ፤ ውሃ ጠጡ፤ ዕረፉ» ባለ ጊዜ ቃሉን መስማት ግድ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጠናበት ሰው መውጣቱን ትቶ መውረድ ይገባዋል፤ ይህን መሪው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከብዙ መንገደኛ ያወቀው ነው። ሽማግሌና ሕፃን በበቅሎ ይቀመጣሉ፤ የቀረው በእግሩ ይከተላል።

የዚህ ጕዞ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ላይ ነው። ዓመቱን ሁሉ ሲያዝ የኖረ አለቃ፣ በዚያ መንገድ ላይ ፊደል ከእርሱ ያነሰ የሚያውቅ፣ መሬቱን ግን ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ ሰው ይመራዋል። የት እንደሚረገጥ፣ ደመናው መቼ ገደሉን እንደሚሸፍነው፣ የትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ የሚያውቀው መሪው ነው። ልጆቹም አባታቸው ሲጠይቅና ሲታዘዝ ያያሉ። አባት ሲታዘዝ ያየ ልጅ መታዘዝ ውርደት እንዳይደለ ያለ ምክር ይማራል።

ከዚህም ጋር ታናናሽ ደስታዎች አሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ በመቶ እየተቈጠረ በሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ሲበላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ልጁን አዝሎ ወደ ገደሉ ወርዶ ሲያድር ማየት ለልጆች ከማናቸውም ተረት ይበልጣል። ዋልያ ከኢትዮጵያ ሰሜን ተራራ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ቍጥሩም የተመናመነ ስለ ሆነ፣ በጨነቅ ገደል አፋፍ አንዱን ያየ ልጅ ያን ቀን አይረሳውም። ጅብራ የሚባለው ተክል ብዙ ዓመት ቈይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይደርቃል፤ ልጅ ይህን ሲሰማ መጠየቁ አይቀርም፤ አባትም ለመመለስ ጊዜ አለው። ከእመት ጎጎ ጫፍ ላይ ሆኖ ቈላውን ቍልቍል ማየት፣ ከድካም በኋላ የጋለ ሻይ መጠጣት፣ ከእረኛ ልጅ በአካባቢው የተሠራውን የበግ ጠጕር ቆብ ገዝቶ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋቸው ጥቂት፣ መታሰቢያቸው ግን ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ደስታ የሌላ ሰው ኑሮ የተያያዘበት መሆኑን መርሳት አይገባም። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም በሕግ ተቋቁሞ፣ በ1970 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ዋልያው እየቀነሰ፣ እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋር ተቈጠረ፤ ከብዙ ድካም በኋላ በ2009 ዓ.ም ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ከዚህም ድካም አንዱ ክፍል የግጭ መንደር ሰዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። እርሻውንና ግጦሹን ለአራዊት የለቀቀ ሰው በአራዊቱ ምክንያት የሚገኘውን ጥቅም መካፈል ይገባዋል፤ ይህ ቸርነት ሳይሆን ፍርድ ነው። በ2011 ዓ.ም በተራራው ላይ እሳት በተነሣ ጊዜም ከውጭ ርዳታ እስኪደርስ ድረስ ቅጠልና አፈር ይዞ እሳቱን የተጋፈጠው የዚያው አገር ሰው መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የመሪው፣ የበቅሎ ነጂውና የምግብ አብሳዩ እንጀራ ለብዙ ዘመን የተንጠለጠለው ከባሕር ማዶ በሚመጣ እንግዳ ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም ኮሮና የተባለው በሽታ መንገዱን ዘጋው። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ደባት ወረዳ ደርሶ በጭና ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም እንግዳውን አራቀው። በበቅሎ ኪራይ ልጁን ያስተምር የነበረ ሰው በቅሎውን ለመሸጥ ቢገደድ ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ በቅሎውን ከሸጠ ግን እንግዳ በተመለሰ ጊዜ የሚጭነው የለውም።

ስለዚህ የሚበጀው ነገር የተገለጸ ነው። አንደኛ፣ ሰላም ሳይኖር ዕረፍትም እንግዳም የለም፤ ደግሞም ቤተ ሰቡን ይዞ በሰላም ለመሄድ የሚመኝ ሹም፣ የደባርቁም ሰው ቤተ ሰቡን ይዞ በሰላም ለመኖር እንደሚመኝ ሊያውቅ ይገባል። መንገዱ ባልጸናበት ጊዜ ጕዞውን ማቈየት፣ ከመነሣትም በፊት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ የጥበብ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ሰላም ሲጸና የመጀመሪያው እንግዳ የአገር ልጅ ይሁን። የጐንደር፣ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ሠራተኛ ከዓመት ፈቃዱ ጥቂት ቀን ቢመድብ፣ የተራራው ሰው ኑሮ በሌላ አገር ወሬ ብቻ የሚነሣና የሚወድቅ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የሄደ ሰው በአግባቡ ይሂድ። ለመሪውና ለበቅሎ ነጂው የተዋዋለውን ዋጋ ሳይቀንስ ይክፈል፤ የአገር ልጅ ነኝ ብሎ በነፃ እንዲመራ አያስቸግር። የአስታ ዛፍ ለማገዶ አያስቈርጥ፤ ለጭላዳ ምግብ አይወርውር፤ ለእረኛ ልጅም ገንዘብ እንዲሁ ከመስጠት የሠራውን ቆብ ይግዛው፤ ልመናን የለመደ ልጅ ትምህርት ቤቱን ይተዋልና።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ሕዝቡ ለንግሥ መሄድን ከእነርሱ እንደ ተማረ፣ ዛፉንና አውሬውን መጠበቅንም ከእነርሱ ሊማር ይችላል፤ በአገራችን ደን ጠፍቶ የቀረው ዛፍ በብዙ ስፍራ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መገኘቱ የታወቀ ነው።

በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ስለ ተራራ የሚወስን ሰው፣ ተራራውን አንድ ጊዜ በእግሩ ቢወጣው ውሳኔው የተሻለ ይሆናል፤ ልጆቹን ይዞ ቢወጣው ደግሞ ቤቱም የተሻለ ይሆናል። ዝናሙ ቆሞ ደጋው አደይ በሚለብስበት ወራት፣ ሰላም ሰፍኖ ይህን ለማድረግ የሚችል ሁሉ ለከርሞ ባያሳድረው መልካም ነው፤ ልጅ ማደጉን ለከርሞ አያቈይምና።