ሳይቸግር ወለል መስበር

«ቤት እያሳደስኩ ነው» ያለ ሰው ጋ ስትሄዱ የሚቀበላችሁ የመዶሻ ድምፅ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን «ማደስ» እና «አዲስ» አንድ ሥር እንዳላቸው ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ማደስ ማለት ማፍረስ ሆኗል። ዱላው ደግሞ መጀመሪያ የሚያርፈው ወለል ላይ ነው። ያልተሰነጠቀ፣ ያልተነቃነቀ፣ ውኃ ያላስገባ ታይል «ፋሽኑ አልፎበታል» ተብሎ ይሰበራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይኼ ነው!

ይህን አዲስ አበባ ላይ ሳይ «ገንዘብ የተረፈው ሰው ቅብጠት ነው» እያልኩ አልፍ ነበር። ፑኝዶ ላይ ሳየው ግን ማለፍ አቃተኝ። ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል፣ በአኙዋክ ዞን፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ የምትገኝ፣ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን የሚሸሹትን ያስጠለለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከተማ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፑኝዶ ደግሞ ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብ ነው። ሴራሚኩም ማጣበቂያውም ይህን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ተንገላቶ ነው የሚደርሰው። እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ደህናውን ወለል አስነቅሎ ሌላ ሊያስነጥፍ ተነስቷል። ለምን ብዬ ብጠይቅ መልሱ አጭር ነበር፤ «ቀለሙ አሮጌ ነው።»

ገንዘቡስ ይሁን። እኔን የከነከነኝ ሰባሪዎቹ ናቸው። ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ አንዱ መሮ ይዞ ሌላው መዶሻ ይዞ፣ አቧራው ወደ ጎረቤት ቢሮ እንዳይገባ መስኮት ተዘግቶባቸው፣ በዚያ በጋምቤላ ሙቀት፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መስለው ይሰብራሉ። ጎረቤት ቢሮው ያሉት ወንበሮች ከአቧራ ተጠብቀዋል። የሰዎቹ ሳንባ ግን ጠባቂ አልነበረውም።

«አቧራ እኮ ነው፣ ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ያመጣል። በሴራሚኩም፣ በሲሚንቶው ውስጥ ባለው አሸዋም ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ሲፈጭ ለዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል፤ እዚያም ጠባሳ ይተክላል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ይህ ብናኝ የጎዳውን ሳንባ የሳንባ ነቀርሳም በቀላሉ ያጠቃዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ብናኙን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። አንድ ወለል የሰበረ ሁሉ ይታመማል ማለቴ አይደለም። የቀን ሠራተኛው ግን ዛሬ የእኔን፣ ነገ የእናንተን፣ ከነገ ወዲያ የሌላውን ነው የሚሰብረው።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያዝዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ለስደተኛው ሠርቶ የመብላት በር ከፍቷል። መልካም! ታዲያ በሩን ከፍተን የምናስገባው እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከሆነ ምኑን ጠቀምነው?

«አሮጌ ወለል አይነቀል ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። የሞተ ወለል ይነቀላል። መሞቱ ግን በቀለም አይታወቅም። በመዶሻ እጀታ ቆርቆር አድርጉት፤ እንደ ባዶ ቅል ከጮኸ ከኮንክሪቱ ተለያይቷል። ድፍን ድምፅ ከሰጠና ደልዳላ ከሆነ፣ ታጥቦና ተሞርዶ፣ የበሩ ከፍታ ከፈቀደ፣ በላዩ አዲስ ሊነጠፍበት ይችላል። ኮንክሪቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ችግሩ ሳይፈታ የሚነጠፈው አዲሱም ይሰነጠቃል፤ ታይሉን መቀየር ብቻ በሽተኛን ልብስ እንደ መቀየር ነው።

መንቀል ግድ ሲሆንም ወግ አለው። ቀድሞ ከለቀቀው ወይም ከተሰነጠቀው ይጀመራል፤ ሰፊ መሮ ከሥሩ ጋደም ተደርጎ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ የሚመታ መሮ ኮንክሪቱን ይጎደጉደዋል። ውኃ እየተረጨ ይሠራል። መስኮት ይከፈታል። በኮቪድ ጊዜ የለመድናት የጨርቅ ጭምብልም ይህን ብናኝ አታስቆምም፤ ለብናኝ የተሠራ መከላከያ ያስፈልጋል። የድሮ ፕላስቲክ ታይልና ጥቁር ማጣበቂያው ሲሆን ጥንቃቄው ይብሳል፤ አንዳንዱ አስቤስቶስ አለበትና መፋቅና መሞረድ አይገባም።

እዚያው ፑኝዶ ዙሪያ የአኙዋክ ሴቶች የጎጇቸው ወለል ሲጎዳ በጭቃ ይለቀልቁታል። አሮጌው ሳይፈርስ አዲሱ በላዩ ያርፋል፤ ማደስ በትክክለኛ ትርጉሙ። ጎጆ ናፋቂ አትበሉኝ፤ ክሊኒክና ትምህርት ቤት የሚታጠብ ወለል ይፈልጋል። እኔ የምለው፣ የምናድሰው ምን እንደሆነ እንወቅ ነው። የሚያብረቀርቅ ወለል ለማግኘት ደህናውን የሚያስሰብር አሠሪ፣ ከሲሚንቶው ዋጋ በፊት የውኃውንና የመከላከያውን ዋጋ በዝርዝሩ ይጻፍ። ያ በዛብኝ ካለ፣ አሮጌው ወለል ምንም አልሆነም፤ ጠርጎ ይቀመጥበት!