የግሪት ጉትቻ፣ የካታሪና ዕዳ

ትሬሲ ሼቫሊየር በ1999 ያሳተመችው «የዕንቁ ጉትቻ ያደረገችው ልጃገረድ» የተሰኘው ታሪካዊ ልቦለድ የሆላንዱን ሠዓሊ ዮሐነስ ቨርሜርንና ግሪት የምትባል የቤት ሠራተኛ ይተርካል። ሠዓሊው የታሪክ ሰው ነው፤ ግሪት ግን የደራሲዋ ፈጠራ ናት። መጽሐፉ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ አንባቢዎች ደርሷል፤ በ2003 ደግሞ ፊልም ሆኗል። ልቦለዱ ለእውነተኛዎቹ ሰዎች ውለታ ዋለ ወይስ በደላቸው? ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስም ያላቸው ሴቶች ነበሩ

ከካታሪና ቦልነስ እጀምራለሁ፤ ከሁሉ የተበደለችው እሷ ናትና። ካታሪና ቨርሜርን ያገባችው በ1653 ነው። እሷ ካቶሊክ፣ እሱ ከፕሮቴስታንት ቤት የወጣ ልጅ ነበሩ። ኑሯቸው ደልፍት ከተማ፣ በእናቷ በማሪያ ቲንስ ቤት ነበር። አሥራ አምስት ልጆች ወለደች፤ አራቱን ቀበረች። ባሏ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሥዕል ቢጨርስ ነው። ዛሬ የእሱ ናቸው የሚባሉት ሥራዎች ከሠላሳ አምስት ብዙም አይርቁም። በዚህ ፍጥነት ያን ያህል ቤተሰብ ማስተዳደር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው በየሳምንቱ ወጥ የሚያስበው ሰው ነው፤ ያም ሰው ሠዓሊው አልነበረም።

በ1672 የፈረንሳይ ጦር ሆላንድን ወረረ። ሆላንዶች ጦሩን ለመግታት ማሳቸውን በውሃ አጥለቀለቁ፤ የሥዕል ገበያውም ሞተ። ቨርሜር ከራሱ ሥራ ሌላ የሌሎችን ሥዕል ይነግድ ስለነበር ሁለቱም መተዳደሪያው በአንድ ጊዜ ደረቀ። በ1675 መጨረሻ ላይ በ43 ዓመቱ ሞተ። መበለቲቱ ባቀረበችው አቤቱታ፣ ባሏ በጦርነቱ የተነሳ ሥራው መሸጥ አቅቶት በጭንቀት እንደወደቀና ጤነኛ የነበረው ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ እንዳለፈ ገልጻለች። አሥራ አንድ ልጆች ቀሩባት፤ አብዛኞቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ተመልከቱ። ለዳቦ ጋጋሪው ከ600 ጊልደር በላይ ዕዳ ነበረባቸው። ሁለት ሥዕሎች አስረከበችው፤ ነገር ግን ዕዳውን ቀስ በቀስ ከከፈለች መልሳ እንድትወስዳቸው ውል አስገባችበት። «የሥዕል ጥበብ» የሚባለውን የባሏን ታላቅ ሥራ አበዳሪዎች እንዳይወስዱባት በየካቲት 1676 በእናቷ ስም አዛወረችው። ይህች ሴት የባሏን ሥራ ዋጋ አታውቅም ነበር የሚል ካለ ያስረዳኝ። ልቦለዱ ግን የሚያሳየን ሌላ ሴት ነው፦ ስቱዲዮው ውስጥ የማትፈለግ፣ ዕቃ የምትሰብር፣ ለጌጧ የምትንገበገብ፣ በቅናት ነድዳ የባሏን ሥዕል በቀለም ቢላ ልትወጋ የምትነሳ። ይህ ሙት ወቃሽነት ነው። ካታሪና መልስ መስጠት አትችልም።

ሁለተኛው ተበዳይ ፒተር ፋን ራይቨን ነው። በልቦለዱ ሠራተኛዋን ጥግ አስይዞ ሊደፍራት የሚሞክር ባለጸጋ ሆኖ ይመጣል። ከሰነዶቹ የምናውቀው ፋን ራይቨን ግን በ1657 ለቨርሜር 200 ጊልደር ያበደረ ሰው ነው። ሚስቱ ማሪያ ደ ክናይት ደግሞ በ1665 ባሰፈረችው ኑዛዜ ለሠዓሊው 500 ጊልደር ተናዝዛለታለች። የቅርብ ዓመታት የሆላንድ ተመራማሪዎች የቨርሜር ዋነኛ ደጋፊ እሷ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። እንግዲህ ሠዓሊውን የደገፈችው ሴት በዕድሜ የበሰለች፣ ገንዘቧን ራሷ የምታዝዝ ባለትዳር ናት። ልቦለዱ ግን እሷን ትቶ ዐይኗን ከፍታ የምታይ፣ ዝም የምትል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፈጠረ።

የምቃወመው ይህን ምርጫ ነው። ሚስት አትረዳውም፤ አንዲት ልጃገረድ ብቻ ትረዳዋለች፤ ከእሷም መነሳሳትን ያገኛል የሚለው ተረት ለወንድ ሠዓሊያን ሁሉ የተዘጋጀ ይቅርታ ነው። ጎመን የሚገዛውን፣ ልጅ የሚያጥበውን፣ አበዳሪ በር ላይ ቆሞ የሚመልሰውን ሰው ከሥዕሉ ታሪክ ያስወጣል።

መዝገብ የማያውቃቸው እጆች

እህቴ የጠቀሰቻቸው ሰነዶች እውነት ናቸው። ብዙዎቹን ከደልፍት መዛግብት ቆፍሮ ያወጣቸው አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ማይክል ሞንቲያስ ነው፤ በ1989 ያሳተመው መጽሐፍ ባይኖር ዛሬ ሁለታችንም የምንሟገትበት ነገር አይኖረንም ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ውል አዋዋይ ፊት የሚቆመው ማነው? ንብረት ያለው፣ ዕዳ ያለበት፣ የከሰሰና የተከሰሰ። ወለል የምትወለውለዋ ልጅ እዚያ ምን ታደርጋለች?

ታነከ ኤቨርፑልን እንውሰድ። በማሪያ ቲንስ ቤት በእርግጥ ያገለገለች ሴት ናት። ስሟን የምናውቀው የእመቤቷ ልጅ ቪለም ነፍሰ ጡር የነበረችውን እህቱን ካታሪናን ጫፉ ላይ ብረት ባለው ዱላ ሊመታ ሲል መሐል ገብታ ስለከለከለችውና በኋላም ስለመሰከረች ነው። ያ አመጽ ባይፈጠር ታነከ ለእኛ አልኖረችም። ሕይወቷ በሙሉ የሌሎች ሰዎች ጠብ ባስጻፈው ምስክርነት ልክ ቀረ። በዚያ ከተማ እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ስንት ነበሩ? መዝገቡ ዝም ይላል፤ ያንን ዝምታ ለመሙላት ልቦለድ ካልተፈቀደለት ለምን እንደምንጽፍ አላውቅም።

ደግሞስ ግሪት ተቀምጣ የምትታይ ልጅ ናት? መጽሐፉ ሲከፈት እናቷ ቤት ለሾርባ አትክልት ስትከትፍ እናገኛታለን። ከትፋ የደረደረቻቸው በቀለማቸው ለይታ ነው፤ ነጮቹን ለብቻ። ሠዓሊው ይህን አይቶ ነው የሚቀጥራት። አባቷ ሴራሚክ ላይ ይሥል የነበረ፣ የምድጃ ፍንዳታ ዐይኑን ያጠፋበት ሰው ነው፤ ስለዚህ የምታየውን ሁሉ በቃል ልትነግረው ትገደዳለች። ሥራዋ የስቱዲዮውን ዕቃ አንዲት ጣት ሳታዛውር ማጽዳት ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከሌላው ያለውን ርቀት በእጇና በጣቷ ትለካለች፤ አንሥታ፣ ወልውላ፣ በልኩ ትመልሳለች። ቀጥሎ ቀለም መፍጨት ትማራለች። ያን ዘመን ቀለም በቱቦ ተሞልቶ አይሸጥም፤ ድንጋዩን፣ አጥንቱን፣ ሥሩን አድቅቆ በዘይት ማሸት ግድ ነበር። ሰማያዊው ዛሬ አፍጋኒስታን ከምንለው አገር ከሚመጣው ላፒስ ላዙሊ ይወጣል፤ እጅግ ውድ ነበር፤ ቨርሜር ግን ልቦለዱ ስሙን በወሰደበት ሥዕል፣ በልጅቱ ሻሽ ላይ ሳይሰስት ተጠቅሞበታል። ያን ድንጋይ ያደቀቀው እጅ የማን ነበር? ሼቫሊየር የጠየቀችው ይህን ነው።

እኔ ከመጽሐፉ አብልጬ የምወደው ገጽ አለ። ግሪት አንድ ሌላ ሥዕል ሲሠራ እያየች አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማታል። አንድ ማለዳ ሳትጠየቅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ ጨርቅ ታዛባዋለች፤ ሁሉም ነገር እጅግ የተስተካከለ ስለሆነ አንድ ቦታ መረበሽ አለበት ብላ። ሠዓሊው ያያል፤ ዝም ይላል፤ በሥዕሉም ውስጥ እንደዚያው ይሥለዋል። ከሠራተኛ እማራለሁ ብሎ እንዳላሰበ ይነግራታል። ይህች ልጅ መነሳሻ ብቻ ናት ከተባለ ቃሉ ጠቧታል። የሥራ ባልደረባ ናት፤ ያውም ለዚህ ያልተከፈላት።

ስለ ካታሪና ደግሞ፦ ተራኪዋ ማን እንደሆነች አንርሳ። ጠዋት ማታ የምትታዘዝ ልጅ ስለ እመቤቷ ስትናገር ፍርዷ የደራሲዋ ፍርድ አይደለም። ሠራተኛ እመቤቷን በፍቅር ብቻ እንድታያት መጠየቅ ራሱ የእመቤቶች ጥያቄ ነው።

የሥዕሉ ነገርም አለ። ቨርሜር በ1665 ገደማ የሠራው ይህ ፊት ሆላንዶች ትሮኒ ከሚሉት ወገን ነው፤ የአንድ ታዋቂ ሰው ምስል ሳይሆን የዐይነት፣ የስሜት ጥናት። ልጅቱ ማን እንደሆነች የሚናገር ማስረጃ የለም። አንዳንዶች የሠዓሊው የበኩር ልጅ ማሪያ ናት ይላሉ፤ ሌሎች የፋን ራይቨን ልጅ። በ1881 ዘ ሄግ ውስጥ በጨረታ በሁለት ጊልደር ከሠላሳ ሳንቲም የተሸጠ ሥዕል ነው፤ ገዢው ሲሞት ለማውሪትስሃውስ ሙዚየም ተናዘዘው። ባዶ ወንበር ነበር። ሼቫሊየር ግሪትን ስታስቀምጥበት ማንንም አላስነሳችም።

ስለ ጆሮዋ እንነጋገር

ወንድሜ ድንጋይ የፈጨውን እጅ አነሣ፤ በዚህ እስማማለሁ፤ እነዚያ ገጾች ያምራሉ። ነገር ግን መጽሐፉ እዚያ አያበቃም። ጉዞው በሙሉ ወደ አንዲት ጆሮ ነው። ሠዓሊው ሥዕሉ ያለ ዕንቁ አይሞላም ይላል፤ ልጅቱ ጆሮዋን ራሷ በመርፌ ትበሳለች፤ ያብጣል፣ ያመረቅዛል፤ በሥዕሉ የማይታየው ሁለተኛው ጆሮ እንኳ ሳይቀር ይበሳል፤ እሱ ካልሆነ አይሆንም ስላለ። አንባቢውም ያንን ሕመም እንደ ፍቅር፣ እንደ ጥበብ ዋጋ እንዲያየው ይጋበዛል።

በ2018 የማውሪትስሃውስ ተመራማሪዎች ሥዕሉን ከሙዚየሙ ሳያወጡ በዘመናዊ መሣሪያ መርምረውት ነበር፤ ውጤቱን በ2020 አሳወቁ። ጥቁር ከሚመስለው ጀርባ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር። ዐይኖቿ በዐይን ብቻ የማይታዩ ስስ ሽፋሽፍት አሏቸው። ዕንቁው ግን ከጆሮ የሚያያዝበት ቀለበት የለውም። ጥቂት የነጭ ቀለም ንክኪ ነው፤ ከላይ ብርሃን፣ ከታች የአንገትጌዋ ነጸብራቅ፤ ቀሪውን የሚሞላው የእኛ ዐይን ነው። በጥቂት ነጭ ቀለም ዕንቁ መፍጠር የቻለ ሰው የማንንም ልጅ ጆሮ መብሳት አያስፈልገውም ነበር። የጥበቡ ተአምር ይህ ነው፤ ልቦለዱ ደግሞ ይህንን ነው በደም የለወጠው።

ታነከን ስለጠራህልኝ አመሰግናለሁ። መዝገቡ ስለ እሷ አንድ ነገር ብቻ ነግሮናል፤ እሱም ድፍረቷን። ልቦለዱ ግን ኩርፍተኛ፣ ቀናተኛ የጓዳ ሴት አድርጎ ነው ከግሪት ሥር ያስቀመጣት። ስለ ሠራተኞች ተቆርቋሪ ነኝ የሚል መጽሐፍ በታሪክ ስም ያላትን ሠራተኛ አሳንሶ፣ የሌለችውን ከፍ ያደርጋል? ሼቫሊየር ስሞቹን መቀየር ትችል ነበር። ደልፍትን፣ ቀለሙን፣ ድንጋዩን ይዛ ሠዓሊውን ሌላ ስም ብትሰጠው ግሪት አንዲት ቃል አትጎድልባትም፤ ካታሪናም በሰላም ታርፍ ነበር።

ስም ስለመቀየር

ጆሮ የመብሳቱን ገጽ እኔ እንደ ክስ ነው የማነበው። ሠዓሊው ከሥዕሉ በላይ የሚያየው ሰው የለም፤ ልጅቱ የምታውቀው ያን ቀን ነው። ሥዕሉ አልቆ ካታሪና በቢላ ስትነሳ፣ ግሪት ከዚያ ቤት ወጥታ ትሄዳለች። የሥጋ ቤቱን ልጅ አግብታ፣ ልጆች ወልዳ፣ እጇ ደም እየነካ ትኖራለች። ሠዓሊው ሲሞት ጉትቻዎቹን እንዲሰጧት መናዘዙን ትሰማለች፤ ትቀበላለች፤ አታደርጋቸውም። ትሸጣቸውና የቨርሜር ቤት ለሥጋ ቤታቸው የነበረበትን ዕዳ ትዘጋበታለች። አንቺ በሰነድ ያሳየሽኝ ዕዳ በልቦለዱም የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ።

ስሙ ቢቀየር ያልሽው ግን አይዋጥልኝም። የተቀየረ ስም ያለው መጽሐፍ አንባቢን የትም አይመራም። ይህኛው ግን የሚመራበት ቦታ አለው። ልቦለዱን ዘግተው ዘ ሄግ ድረስ የሄዱ፣ ከዚያም ስለ ሠዓሊው ሚስት የጠየቁ፣ የዳቦ ጋጋሪውን ውልና የመበለቲቱን አቤቱታ ያነበቡ ሰዎች አሉ። ስለ ካታሪና ቆሞ የሚከራከር ሰው የተገኘው ስሟ በዚያ መጽሐፍ ስለተጠራ ነው። ታነከንም የሚጽፍላት ይምጣ፤ ዱላው ከተነሣበት ቅጽበት ይጀምር።