የፈረሰ ቤት ሳንቃ ማገዶ አይደለም፤ ወደ ቃሊቲ ይሂድ!

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ስትፈርስ ክርክሩ «ይፍረስ» እና «አይፍረስ» በሚሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍሎ ቀረ። ብዙም ሰሚ ያላገኘ ሦስተኛ ጥያቄ ነበር። የፈረሰው ቤት እንጨት የት ገባ?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኤክስካቫተር በአንድ ክንድ ወለሉንም፣ በረንዳውንም፣ ደረጃውንም አንድ ላይ ያደቀዋል። ከዚያ የተረፈው ቆርቆሮውና ብረቱ ወደ ምናለሽ ተራ፣ እንጨቱ ወደ ምድጃ ይሄዳል።

ይህ እንጨት ተራ እንጨት አይደለም። የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ጥድና ዝግባ በብዛት ገብቶባቸዋል። ጥድ ምስጥም ሆነ እርጥበት በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ነው። ዛሬ ያንን የመሰለ ወፍራም ግንድ ከተፈጥሮ ደን እንደ ልብ ቆርጦ ማምጣት አይቻልም፤ መቻልም የለበትም። ስለዚህ አንድ የመቶ ዓመት ሳንቃ ስናነድ በባህር ዛፍ ወይም በቺፕውድ የማይተካ ነገር ነው የምናነደው።

«ታዲያ ምን ይሠራልናል?» ለሚል ሁለት ቤት ልጥቀስ። መስቀል አደባባይ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ቤት ነበር። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል፤ ጃዝአምባም አብሮ ጠፍቷል። እንዲህ ያሉ ቤቶች አንድ የወለል ሳንቃ ወይም አንድ የበረንዳ ጥልፍ ሲጎድላቸው ትክክለኛው መለዋወጫ ያለው በዕድሜ አቻቸው በሆነውና ዛሬ በሚፈርሰው ቤት ውስጥ ነው። መለዋወጫውን አቃጥለን ሲያበቃ ቅርሱን በሴራሚክና በአልሙኒየም «ማደስ» እድሳት አይባልም።

አሁን ወደ ቃሊቲ። ታራሚዎች በእንጨት ሥራ እንደሚሰማሩ የታወቀ ነው። ወንበር፣ ጠረጴዛና አልጋ ይሠራሉ። ይህንኑ እጅ ለምን ለአሮጌ እንጨት ጥገና አናሠለጥነውም? ሥራው ግልጽ ነው፦

1. ቤቱ በማሽን ከመመታቱ በፊት ሳንቃው በእጅ ይፈታ፣ ቁጥር ይጻፍበት፣ ከየት እንደመጣ ይመዝገብ።
2. ሚስማሩ ተነቅሎ በደረቅና አየር በሚያገኝ መጋዘን ይደርደር።
3. ከነባር ቤት ጥገና ውጭ ለማንም አይሸጥ።

ይህ ሙያ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ጊዜ ይፈልጋል። በከተማው ውስጥ ከታራሚ በላይ ጊዜ ያለው ማን ነው? ግን አንድ ነገር ይሰመርበት፤ ነፃ ጉልበት አይደለም የምጠይቀው። ተገቢ ክፍያና ሲወጣ ሥራ የሚያስገኝለት የሙያ ማረጋገጫ ከሌለ ነገሩ ሁሉ ብዝበዛ ነው።

የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ይህ ነው፦ «እንጨቱን ማዳን ለአፍራሹ ማመካኛ ይሆናል። ሳንቃው ተቀምጧል እያለ ቀሪውንም ይንዳል።» ስጋቱ እውነት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለፈቃድ መነካካት የከለከለው በምክንያት ነው። ስለዚህ መቆም ያለበት ቤት ይቁም፤ ከቆመ ቅርስ ላይ በረንዳ ነቅሎ ለሬስቶራንት ማስጌጫ የሚሸጥም ሌባ ይባል። እኔ የማወራው ሊፈርስ ስለተወሰነበት ቤት ነው። የሚቀበር ሰው የሚወረስ ነገር ይተዋል፤ እኛ ግን ውርሱንም አብረን እየቀበርን ነው።

ቃሊቲ ይህን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል። ከርቸሌ ተዘግቶ እስረኛው ወደ ቃሊቲ ሲሄድ ዓለም በቃኝ ፈረሰ፤ በቦታው የቆመው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። የዚያን ግቢ አንድ በር፣ አንድ መዝጊያ ለልጆቻችን ማሳየት የምንችል ስንቶቻችን ነን?

የከተማ አስተዳደሩ ለፈረሳ ኮንትራት ሲሰጥ አንድ አንቀጽ ይጨምር፦ እንጨቱ ሳይፈታ ማሽን አይግባ። ወጪው የጥቂት ቀን የሰው ጉልበት ነው። ባለማድረጋችን የምንከፍለውን ግን በየትኛውም ገንዘብ መልሰን አንገዛውም።