ዋጋ የሚያስከፍል ፍቅር

በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት ሳንዲ ስፕሪንግ የሚባል ቦታ አለ። በቀድሞ ዘመን ኩዌከሮች የተባሉ ክርስቲያኖች ሰፈሩበት፤ ዱሩንም መንጥረው ትንባሆና እህል ዘሩ። በጸሎታቸው ጊዜ ሁሉ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ልቡ የነካው ሰው ብቻ ተነሥቶ ይናገራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1817 ዓ.ም. በጡብ የሠሩት የጸሎት ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል።

ብዙ ሰው ስለ ጸጥታቸው ያመሰግናቸዋል። እኔ ግን ከዝምታቸው ይልቅ ሥራቸው የሚመሰገን ይመስለኛል። ከእነርሱ አያሌዎቹ መሬታቸውን በባሪያ ያሳርሱ ነበር። ነገር ግን የእግዚአብሔር ብርሃን በሰው ሁሉ ልብ አለ እያሉ፥ ሰውን እንደ ከብት መግዛት እንዳይገባ አስተዋሉ። ስለዚህ የሜሪላንድ ኩዌከሮች ከ1780 ዓ.ም. አስቀድሞ፥ ባሪያውን ነጻ የማያወጣ ሰው ከማኅበራቸው እንዲለይ ቈረጡ። ይህም ብዙ ሀብት የሚያሳጣ ነገር ነበረ።

ደግሞ በ1848 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰዎች የአንዱ ቤት ቢቃጠል ጉዳቱን ሁሉም እንዲካፈሉት የእሳት ዋስትና ማኅበር አቆሙ።

ልጆች ሆይ፥ ባልንጀራዬን እወዳለሁ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። የፍቅር እውነተኛነት የሚታወቀው ግን ከእጃችን አንዳች ነገር ሲያስለቅቀን ነው።